የተዘለሉት አራት ገጾች

ሰው ዓርብን የሚወደው ስለሚያርፍበት ነው። ብርቅነሽ ግን የምትወደው ስለ ዘምዘም ነበር፤ ቢጠይቋት በጄ አትልም እንጂ። ካርቱም፣ ካፉሪ ሰፈር ውስጥ በአንድ ዶክተር ቪላ ተቀጥራ ስትሠራ ስምንት ዓመት ሆኗታል። ከቅዳሜ እስከ ሐሙስ ከአፏ የሚወጣው "ሐዲር" ብቻ ነው፤ እሺ ማለት ነው፤ እሺ ስትል ትውላለች፣ እሺ ስትል ታመሻለች። ዓርብ ሲደርስ ግን ነጠላዋን ጣል ታደርግና አውቶቡስ ተሳፍራ፣ ድልድዩን ተሻግራ ዴም ሰፈር ትወርዳለች። እዚያ፣ ከባለሱቁ ከበላይነህ ግቢ፣ እሷና ዘምዘም ለዓርብ ዓርብ ብቻ የተከራዩዋት አንዲት ክፍል አለች። ሁለት የገመድ አልጋ፣ አንድ ማራገቢያ፣ አንድ ወደ ግቢው የሚያይ መስኮት፣ በቃ። እንደ ልቧ የምትስቀውም፣ ጫማዋን አውልቃ የምትጋደመውም እዚያች ክፍል ውስጥ ነው።

ዘምዘም የወሎ ልጅ ናት። እዚያው ካርቱም፣ ሪያድ ሰፈር፣ ሲት ኒዕማ የምትባል እመቤት ቤት ስድስት ዓመት ሠርታለች። በዕድሜ ብርቅነሽን በአሥራ ሁለት ዓመት ታንሳታለች፤ በምላስ ግን የሚያህላት የለም። "እትዬ ብርቄ፣ ዛሬ ደግሞ ፊትሽ ያልተተኮሰ ሸሚዝ መስሏል፤ ነይ ልተኩስሽ" እያለች ነው በር የምትከፍተው። ብርቅነሽ ትቆጣለች፣ ሳትጨርሰው ራሷ ትስቃለች።

ዘምዘም አገር ቤት ልጅ አለቻት፣ ረሺዳ። ጥላት ስትመጣ የሁለት ዓመት ሕፃን ነበረች፣ አሁን ስምንት ዓመቷን ይዛለች። ያሳደገቻት አያቷ ናትና አያቷን "እማ" ትላለች፤ ዘምዘምን ደግሞ አክስቶቿ እንደሚጠሯት "እቴቴ" ትላለች። ይህ በአገራችን አዲስ ነገር አይደለም፤ ስንቱ ልጅ እናቱን በእኅት ስም እየጠራ አድጓል። ዘምዘምም "እቴቴ" ስትባል "ወዬ" ትላለች፣ ትቀልዳለች፣ ታስቃታለች። ስልኩ ሲዘጋ ግን ለብዙ ጊዜ ግድግዳውን እያየች ትቀመጣለች፤ ያኔ ብርቅነሽ አታናግራትም።

መጽሐፉን የሰጣቸው በላይነህ ነው። ከጎንደር በመጣ ካርቶን ሥር አገኘውና "ስኳር እንዳልጠቀልልበት አሳዘነኝ" ብሎ ለብርቅነሽ አሳለፈላት። ሽፋኑ ስለጠፋ ደራሲው ማን እንደሆነ አይታወቅም። ርዕሱ ብቻ የውስጥ ገጹ ላይ አለ፤ "የሁለት ጨረቃ አገር" ይላል። ወለላ የምትባል ጀልባ ቀዛፊ የታመመች ልጇን የሚያድን መድኃኒት ፍለጋ ወደ ጭጋጉ አገር ትሻገራለች። ለመሻገሪያ የምትከፍለው ጥላዋን ነው። መድኃኒቱን በወፍ እግር አስራ ትልከዋለች፣ ልጅቷ ትድናለች፣ እሷ ግን እዚያው ትቀራለች። ልጅቷን፣ ብሌንን፣ አንድ ዓይነ ስውር ሸክላ ሠሪ ያሳድጋታል። ከዚያማ ጦርነቱ፣ የሚናገረው ወንዝ፣ በየገበያው የምትዞር አንዲት መርፌ ሻጭ፣ ሁለተኛዋን ጨረቃ ሰርቆ ጉድጓድ ውስጥ የደበቃት ንጉሥ፣ ምኑ ቅጡ።

ብርቅነሽ አሥራ ሁለተኛ ክፍል ደርሳ ያቋረጠች ናት፤ ንባብ ያምርላታል። ዓርብ ዓርብ ጮክ ብላ ታነባለች፣ ዘምዘም አልጋዋ ላይ ተጋድማ ታዳምጣለች። ንጉሡ ሲናገር ብርቅነሽ ድምፅዋን ታወፍራለች፣ ወንዙ ሲናገር ታቀጥናለች። ዘምዘም "ወንዙ ጉንፋን ይዞታል እንዴ?" ትላታለች። እንዲህ እያሉ በሰባት ወር ጨረሱት።

አሁን ያንን ነገር መናገር ግድ ነው። ብርቅነሽ በዚያ የመጀመሪያ ንባብ አራት ገጽ ዘላለች። መጨረሻው አካባቢ ነው። የዚያን ዕለት ዘምዘም አገር ቤት ደውላ ረሺዳ ትኩሳት ይዟት ኖሮ፣ "አንቺን አይደለም፣ እማን ነው የምፈልገው" ብላ ስልኩን ለአያቷ መለሰችው። ዘምዘም አለቀሰች። ከዚያ ፊቷን ጠርጋ "በይ አንብቢልኝ፣ ልርሳው" አለች። ብርቅነሽ ከፈተች፤ ዓይኗ ከአፏ ቀድሞ ሮጠና ያየው ነገር አስደነገጣት። በየገበያው የምትዞረው መርፌ ሻጭ ለካ ወለላ ራሷ ናት። ወደ ልጇ ደጅ ትመጣለች። ብሌን ግን አታውቃትም፤ "እናቴ ሞታለች፣ ከደጄ ሂጂልኝ" ብላ ድንጋይ ታነሣባታለች። ይህ በዚያ ሰዓት ለዘምዘም እንዴት ይነበባል? ብርቅነሽ አንጀቷ አልቻለም። አንዱን ቅጠል ገለጠች፣ ሌላውንም ገለጠች፣ ከንጉሡ ሞት ቀጠለች። መጽሐፉ ሲያልቅ ዘምዘም "ታዲያ እናትየዋስ?" አለች። ብርቅነሽም ዓይኗን ሳታነሣ "እንጃ፣ እዚያው ቀረች መሰለኝ" አለቻት።

ለደግ ብላ ነው፣ ማንም አይፈርድባትም። ግን እኮ በሚቀጥለው ዓርብ መናገር ትችል ነበር፤ የረሺዳ ትኩሳት ለቋታል፣ ዘምዘምም ሳቋ ተመልሷል። አልተናገረችም። መጽሐፉን እንደገና ሲያነቡትም እዚያው ቦታ ስትደርስ ዘለለችው። ሁለተኛው ጊዜ ከመጀመሪያው ይልቅ ቀለላት።

ያ ሁለተኛው ንባብ ነው ሁለቱንም ያሳበዳቸው። ታሪኩ የት እንደሚደርስ እያወቁ ሲሰሙት ሌላ መጽሐፍ ሆነባቸው። ብርቅነሽ ገና ሁለተኛውን ምዕራፍ ስታነብ ዘምዘም ከአልጋዋ ብድግ ብላ "ቆይ፣ ቆይ! ንጉሡ ከጉድጓድ ውኃ አልጠጣም አለ? ጨረቃዋን እዚያ ደብቋት ነዋ!" አለች። እውነትም ነው። ደራሲው መቶ ሃምሳ ገጽ ቀደም ብሎ ነግሯቸው ኖሯል፣ እነሱ ናቸው ያልሰሙት። ከዚያ ወዲያ ሥራቸው ፍንጭ መልቀም ሆነ። ዓርብ ዓርብ ተገናኝተው "ይኼኛውስ ለምን አለ?" ይባባላሉ፣ ይከራከራሉ፣ አንዳንዴም ይኳረፋሉ።

የካርቱም ግንቦት የመጽሐፉን ሙጫ አቀለጠውና ከጀርባው ለሦስት ተገነጠለ። ዘምዘም ከሲት ኒዕማ አሮጌ መከናነቢያ ቶብ ቁራጭ ለሦስቱም ክፍል ልባስ ሰፋችለት። ያኔ ነው ብርቅነሽ ዘዴ ያመጣችው፤ "አንዱን ክፍል አንቺ፣ አንዱን እኔ እየወሰድን በሳምንቱ እናንብብ፣ ዓርብ ያገኘነውን ፍንጭ እንነጋገር፣ ከዚያ እንለዋወጥ" አለች። ዘምዘም የልባሱን ክር እየጎተተች "ጥሩ" አለች። በሚቀጥለው ዓርብ ስትመጣ አራት ፍንጭ ይዛ መጣች፤ ብርቅነሽ ያገኘችው አንድ ነው። እንዲህ ሆኖ ቀጠለ። አልፎ አልፎ ብቻ ዘምዘም "ዓይኔን የካውያው እንፋሎት አቃጥሎታል፣ እስቲ ያቺን ቦታ ባንቺ ድምፅ ልስማት" ትላለች፤ ብርቅነሽም ደስ እያላት ታነብላታለች።

በ2009 ዓ.ም. መጋቢት ላይ፣ አንድ ዓርብ፣ ዘምዘም ከወትሮው ዘግይታ መጣች። ሦስተኛው ክፍል ከሦስት ሳምንት ጀምሮ እሷ ዘንድ ነበር። ከቦርሳዋ አውጥታ አልጋው ላይ አስቀመጠችው፣ ሻሿን ፈታች፣ አየሩን እያማረረች ውኃ ጠጣች። ብርቅነሽ ጾም ላይ ስለሆነች ፉሉን በሰሊጥ ዘይት ብቻ አቀረበች።

"ሲት ኒዕማ ነገ መልስ ትፈልጋለች" አለች ዘምዘም። "ወይ ኢቃማዬን፣ የመኖሪያ ወረቀቴን፣ ለሁለት ዓመት ታሳድስልኛለች፣ ወይ የመውጫ ወረቀት አውጥታልኝ ከረመዳን በፊት አገሬ እገባለሁ። የትኛው ይሻልሻል አለችኝ።"

"እና ምን ልትያት ነው?"

"ሁለት ዓመት እላታለሁ።"

ብርቅነሽ ደስ አላት፤ መደሰቷን እንዳታሳይ ዳቦውን ትቆርስ ጀመር። ከዘምዘም ሌላ በዚህ ከተማ በስሟ የሚጠራት ሰው የለም። በቪላው ውስጥ "ያ ሐበሺያ" ነው የሚሏት።

"አሁን ተይው እሱን" አለች ዘምዘም። "እትዬ ብርቄ፣ ያቺ መርፌ ሻጭ እንቅልፍ ነሣችኝ።"

"ምን አድርጋሽ?"

"ስሚኝ። መጽሐፉ ውስጥ ሦስት ጊዜ ነው የምትመጣው። ሦስቱንም ጊዜ ከብሌን ገንዘብ አትቀበልም፣ ዕድሜዋን ነው የምትጠይቃት። ልጅቷ ስትነግራት ምን ትላለች? 'ልክ ነው' ነው የምትላት። ሰው የማያውቀውን ልጅ ዕድሜ ልክ ነው ይላል? ስትቆጥር የኖረች ሴት ናት እንጂ።"

ብርቅነሽ መቁረሷን ተወች። መጽሐፉን ስንት ጊዜ አንብባዋለች፣ ይቺን ግን ልብ ብላት አታውቅም።

"ደግሞ የምትቀመጠው ሁልጊዜ ዛፍ ሥር ነው" አለች ዘምዘም፤ አሁን እጇም መናገር ጀምሯል። "ገበያተኛው ሁሉ ወዲያ ወዲህ ሲል እሷ ፀሐይ ላይ ወጥታ አታውቅም። ስትሄድም ሲመሽ ነው። ለምን? ፀሐይ ላይ ከቆመች ጥላ እንደሌላት ይታወቅባታላ።"

"እና ማን ናት ትያለሽ?" አለች ብርቅነሽ። ድምፅዋ ቀጥኖ ነበር የወጣው።

"ወለላ ናት ልልሽ ነበር።" ዘምዘም እጇን ጭኗ ላይ አሳረፈች። "ግን አይሆንም። እሷ ብትሆን ደራሲው መጨረሻ ላይ አይነግረንም? ጨረቃዋን ነግሮናል፣ ወንዙን ነግሮናል፣ እሷን ብቻ ምን ብሎ ይደብቃል? ጥላዋን ከፍላ የሄደች ሴት አትመለስም ማለቱ ነው። ብትመለስም የሚያውቃት የለም። እኔም ለዚህ ነው ሁለት ዓመት የምላት። ረሺዳ እማ አላት። እኔ ሄጄ ምን ልሆናት ነው?"

ብርቅነሽ አልጋው ላይ ያለውን ሦስተኛ ክፍል አየች። መልሱ እዚያ ውስጥ ነው። ሦስት ሳምንት ሙሉ ዘምዘም ትራስ ሥር ከርሟል፣ ከፍቶ ላየው ሰው የተደበቀ ነገር የለውም። የካውያው እንፋሎት፣ "ባንቺ ድምፅ ልስማት"፣ ያ ሁሉ አሁን ገባት። ዘምዘም ማንበብ አትችልም። ያን ሁሉ ፍንጭ የለቀመችው ሁለት ጊዜ በጆሮዋ ከሰማችው ነው። ብርቅነሽ መጀመሪያ የተሰማት አግራሞት ነበር። ከአግራሞቱ ቀጥሎ የመጣው ግን ድንጋጤ ነው፤ ይቺ ልጅ ነገ ጠዋት ለእመቤቷ የምትሰጠው መልስ በተዘለሉት አራት ገጾች ላይ የቆመ ነው።

እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ ዝም ልትል ዳድቷት ነበር። ተነሥታ ከርከዴ ልትቀዳ ወደ መስኮቱ ሄደች። ዝም ብትል ማንም አያውቅም። ሁለት ዓመት ሙሉ ዓርብ በመጣ ቁጥር ይቺ በር ትከፈታለች፣ ይቺ ምላሰኛ ትገባለች። ብትናገርስ? ከረመዳን በኋላ ዓርብ ሲሆን የት ነው የምትሄደው? ብርጭቆውን ይዛ ቆመች። ከዚያ ያቺ በትኩሳት የምትቃጠል ሕፃን፣ "እማን ነው የምፈልገው" ያለችው፣ ትዝ አለቻት። ዘምዘም ከሄደች ብቻ ነው ያ ነገር የሚለወጠው። ሌላ መንገድ የለውም።

ተመልሳ ተቀመጠች።

"ዘምዘም፣ አንድ ነገር አጥፍቻለሁ" አለች። "መጨረሻው ላይ አራት ገጽ አለ። ሳነብልሽ ዘልዬዋለሁ። አንቺም ብቻሽን ስታነቢ እንዳታገኚው ብዬ ገጾቹን በሙጫ አጣብቄያቸው ነበር።"

ሙጫ የሚባል ነገር አልነበረም። ዘምዘም እንዳታፍር ብላ እዚያው የፈጠረችው ነው።

ዘምዘም ሦስተኛውን ክፍል አንሥታ ገጾቹን በአውራ ጣቷ አንድ በአንድ ገለጠቻቸው። ሁሉም እንደ ልባቸው ተገለጡ። "አልተጣበቀም" አለች። "ለምን ትዋሺልኛለሽ? እኔ ነኝ ማንበብ የማልችለው። ትምህርት ቤት የሄድኩት ሁለት ወር ነው። ስሜን እጽፋለሁ፣ ሌላ አላውቅም።"

"አውቄያለሁ። አሁን ነው ያወቅኩት።"

"ልነግርሽ ስል ያንን መለዋወጥ አመጣሽ። ደስ ብሎሽ ነበር፣ እንዴት ልበልሽ? ልብስ ስተኩስ ያነበብሽልኝን በልቤ እደግመዋለሁ። አንድ ሸሚዝ፣ አንድ ገጽ።" ፊቷ ቀልቶ ነበር። "በይ አንብቢው።"

ብርቅነሽ አነበበች። ድንጋዩ የሚነሣበት ቦታ ስትደርስ ድምፅዋ ተሰበረ፤ ዘምዘም "አታቋርጪ" አለቻት። ድንጋዩ ወለላን ትከሻዋ ላይ ይመታታል። ወለላ እናትሽ ነኝ አትልም። ከአጥሩ ውጪ ትቀመጥና መርፌዎቿን ትዘረጋለች። ማታ ዓይነ ስውሩ ሸክላ ሠሪ እየዳበሰ ይወጣል። እሱ ሰውን በጥላው አይለይ፣ በመልኩ አይለይ፤ አረማመዷን ግን ሲመሽ ሰምቷል። "ይኸ ኮቴ እስኪመጣ ነው ጭቃዬን ሳቦካ የኖርኩት" ይላታል። ለልጅቷ ግን ምንም አይነግራትም። ቀናት ያልፋሉ። አንድ ጠዋት ብሌን የተቀደደ ቀሚስ ይዛ ትመጣለች፤ ፊቷን እንዳጠቆረች "መርፌ ካለሽ ይኼንን ስፊልኝ። ስንት ቀን ይፈጅብሻል?" ትላለች። ወለላም "እኔ ቀስ ብዬ ነው የምሰፋው" ትላታለች። ስፌቱ ሁለት ክረምት ፈጀ፣ ልጅቷም አንድ ቀን እንኳ አላጣደፈቻትም፤ ይላል መጽሐፉ።

ብርቅነሽ አንብባ ጨረሰች። ዘምዘም ጉልበቷን አቅፋ ተቀምጣለች።

"የቀሚሱን እንደገና።"

ብርቅነሽ እንደገና አነበበች።

"ይኼን ይዘሽ ስንት ዓርብ ተቀመጥሽ?" አለች ዘምዘም። ድምፅዋ ከፍ አላለም፣ ግን ብርቅነሽ እንዲህ ሆኖ ሰምታው አታውቅም።

"ብዙ።"

"ለምን?"

"የመጀመሪያው ላንቺ ብዬ ነው፤ አልቅሰሽ ነበር። የቀረው ለራሴ ነው። ሰው የለኝም፣ ዘምዘም። ካንቺ ሌላ ሰው የለኝም።"

ዘምዘም ተነሥታ ወጣች። ብርቅነሽ በሩን እያየች ቀረች። የቧንቧው ውኃ ሲንቧቧ ሰማች፣ ከዚያ ቆመ፣ ከዚያ ምንም አልተሰማም። ሄደች ብላ አሰበች። ሻሿ አልጋው ላይ መሆኑን እያየች እንኳ ሄደች ብላ አሰበች፤ እምባዋ መጣ፣ አልጠረገችውም።

ዘምዘም ፊቷን ታጥባ፣ ከአገጯ ውኃ እየተንጠባጠበ ተመለሰች። ወደ ራሷ አልጋ አልሄደችም። ከብርቅነሽ ጎን ተጠግታ ተቀመጠችና ትከሻዋን በትከሻዋ ገፋ አደረገቻት።

"አንቺ ክፉ ሴትዮ" አለቻት። "እኔ እንኳ አንቺን ትቼ እንዴት እሄዳለሁ እያልኩ ስሰቃይ ነው የከረምኩት።"

ብርቅነሽ መልስ ልትሰጥ ስትል ዘምዘም ስልኳን አወጣች። የስልኳ ጆሮ ከተበላሸ ቆይቷል፣ በድምፅ ማጉያው ብቻ ነው የሚሰማው። ሁለት ጊዜ አልነሣ አለ። በሦስተኛው ያነሣችው ረሺዳ ነበረች፤ ከኋላዋ ዶሮ ይጮኻል።

"እቴቴ?"

"ወዬ፣ የኔ ልጅ። ስሚኝ፣ ልመጣ ነው። ከረመዳን በፊት፣ ኢንሻላህ።"

"ወደዚህ? ወደ እኛ ቤት?"

"ወደናንተ ቤት።"

"ለኢድ ነው?"

"ለኢድም ነው።"

የምታስብ ልጅ ትንፋሽ ክፍሉ ውስጥ ተሰማ። ከዚያ ቀስ ብላ፣ ብዙ ተስፋ ሳታደርግ ጠየቀች።

"ኢዱ ሲያልቅስ ደግሞ ትመለሻለሽ?"

ዘምዘም ስልኩን በሁለት እጇ እንደያዘች ቀና ብላ ብርቅነሽን አየቻት። ያን ያህል ዘመን መጽሐፉን ስታነብላት እንደኖረች፣ ይኼኛውንም መልስ እንድትነግራት የምትለምን ይመስል ነበር። ብርቅነሽ በነጠላዋ ጫፍ ዓይኗን ጠረገች፣ ከዚያ አትመለሺም በሚል ራሷን ወዘወዘችላት።

"አልመለስም" አለች ዘምዘም።